ለስኳሩ መቅረት ሌብነት ብቻውን መልስ አይሆንም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ስለ ስኳር ፕሮጀክቶች በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ሆኗል፤ ገንዘቡ ተበላ፣ ስለዚህ ስኳሩ ቀረ። ገንዘብ ስለመባከኑ ክርክር የለንም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረገው የስኳር ፋብሪካዎቹ ገንቢ የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል። ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። እኛ የምናነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ አንዲት ብር እንኳ ባትነካ ኖሮ፣ 10 የስኳር ፋብሪካ በ5 ዓመት ይደርስ ነበር ወይ? በአገዳ እርሻና በስኳር ፋብሪካ ሙያ የምንሠራ ሰዎች ተመካክረን የደረስንበት መልስ "አይደርስም ነበር" የሚል ነው። ይህን ሳንረዳ ብንቀጥል፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ተሹሞም ያው ውድቀት ይደገማል።

ዕቅዱን እናስታውስ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቅ ነበር። 10 አዳዲስ ፋብሪካ ተክሎ የአገሪቱን የስኳር ምርት በዓመት ከ314 ሺህ ቶን ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ፣ የአገር ውስጥ ፍላጎትን ሸፍኖ ወደ ውጭ ለመላክ ቃል ተገባ። ስኳር ኮርፖሬሽን በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሜቴክ የተቋቋመው ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። አንዱ ባለቤት ሌላው ገንቢ ሆኑ። ዕቅዱ ሲያበቃ ምርቱ የታሰበውን ሩብ እንኳ አልሞላም። ዛሬም ስኳር ከውጭ ይገዛል፤ በሸማቾች ማኅበር ሱቅ በር ላይም ሰልፍ ይታያል።

ይህ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት አገራችን ስኳር ፋብሪካ የምትተክልበት አካሄድ ነበራት። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ሸዋ ከጎኑ የተተከለው ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። መተሐራ ደግሞ ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጣ። ፊንጫኣ ማምረት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። አራት ፋብሪካ በ45 ዓመት መሆኑ ነው። ያ ፍጥነት ትክክል ነበር አንልም፤ አገሪቱ ከዚያ የበለጠ መፍጠን ትችል ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ ፋብሪካ የሚያስፈልገውን የዘር አገዳ፣ የቦይለር ኦፕሬተር፣ የመስክ ካቦና የጥገና ሠራተኛ ከቀደመው ይወስድ ነበር። መተሐራን ያቆሙት በወንጂ የሠለጠኑ እጆች ናቸው። አራት ፋብሪካ ያላት አገር በአንድ ጊዜ ለአሥር የሚሆን ሰው ከየት ታመጣለች? ይህ ጥያቄ በዕቅዱ ውስጥ መልስ አልነበረውም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም አንባቢ በወረቀት ሊሠራው ይችላል።

በበለስና በኦሞ ኩራዝ ከታቀዱት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ በቀን 12 ሺህ ቶን አገዳ የሚፈጩ ናቸው። ይህ በሰዓት 500 ቶን ነው። ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ ማለትም ከጥቅምት ወይም ከኅዳር እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ማቆሚያው ሁሉ ተቀንሶ 200 ቀን ይፈጫል እንበል። በዓመት 2.4 ሚሊዮን ቶን አገዳ ይፈልጋል። በመስኖ በደንብ የተያዘ ማሳ በሄክታር 120 ቶን ቢሰጥ፣ በየዓመቱ 20 ሺህ ሄክታር መቆረጥ አለበት፤ በየቀኑ 100 ሄክታር ማለት ነው። በቀን 100 ሄክታር እንዲቆረጥ ደግሞ ከዓመት ከምናምን በፊት በቀን 100 ሄክታር ተተክሎ መሆን አለበት። አገዳው በቆላ በአማካይ በ16 ወር ይደርሳል ብንል፣ ማንኛውም ቀን ላይ በማሳ ቆሞ የሚገኘው አገዳ ከ26 ሺህ ሄክታር በላይ መሆን ይኖርበታል፤ ያውም ዕድሜው ደረጃ በደረጃ የተለያየ። ሁሉንም በአንድ ወቅት ተክሎ ሪፖርት ላይ "ይህን ያህል ሺህ ሄክታር በአገዳ ተሸፈነ" ማለት ይቻላል። ግን ሁሉም በአንድ ወር ይደርሳል፣ ፋብሪካው ደግሞ በቀን ከ100 ሄክታር በላይ አይውጥም። የቀረው ያረጃል።

ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ዘር ከየት ይመጣል? አገዳ በፍሬ አይዘራም፤ ከግንዱ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ነጥብ) ያለው ቁራጭ ተወስዶ ይተከላል። ከ8 እስከ 10 ወር ዕድሜ ያለው አንድ ሄክታር የዘር አገዳ ለ10 ሄክታር ያህል ይበቃል። ከበሽታ በጸዳ 25 ሄክታር ብንነሳ፣ ከ9 ወር በኋላ 250፣ ከሌላ 9 ወር በኋላ 2,500፣ ከሌላ 9 ወር በኋላ 25 ሺህ ሄክታር ይሆናል። ሦስት ደረጃ፣ 27 ወር። የመጨረሻው ተከላ ለፋብሪካ እስኪደርስ 16 ወር ይጨመራል፤ 43 ወር ሆነ። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ደግሞ መሬቱ ተመንጥሮ፣ ተደልድሎ፣ ዋናው ቦይ ውሃ ካደረሰ በኋላ ነው። አምስት ዓመት 60 ወር ነው። ለግድብ፣ ለውሃ ጠለፋ፣ ለቦይ፣ ለመንገድና ለካምፕ የሚተርፈው 17 ወር ብቻ ነው። ይህም ለአንድ ፋብሪካ ነው፤ ዕቅዱ ግን አሥር ይላል።

የዘሩን ደረጃ መዝለል ይቻላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። የመጀመሪያው ደረጃ ዘር 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቅ ውሃ ለሁለት ሰዓት ይነከራል። ዓላማው ራቱንን፣ ማለትም ከተቆረጠው ጉቶ እንደገና የሚያቆጠቁጠውን አገዳ፣ የሚያቀጭጨውን ባክቴሪያ መግደል ነው። ሙቀቱ በሁለትና ሦስት ዲግሪ ከፍ ካለ ዓይኑ ይሞታል፤ ዝቅ ካለ በሽታው ይተርፋል። ይህ በሽታ በቅጠል ላይ ምልክት አያሳይም፤ በቆንጨራ ስለት ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ "ጊዜ የለም" ተብሎ ለፋብሪካ የተተከለ አገዳ ለዘር ከተወሰደ፣ የመጀመሪያው ቆረጣ ደህና ይመስላል፣ ችግሩ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። ያረጀ አገዳ ለዘር ሲውልም የታችኛው ዓይኑ አይበቅልም። ቁራጩ በጭነት መኪና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲመጣ ዓይኑ ይፈገፈጋል፣ ይደርቃል፣ ማሳው እዚህም እዚያም ክፍት ቦታ ይሆናል። ክፍቱን አረም ይሞላዋል። በሄክታር 120 ቶን የታሰበው 70 እና 80 ቶን ላይ የሚቆመው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ "ምርታማነት ዝቅተኛ ነው" የሚል ሪፖርት ይጻፋል፤ የዘሩ ነገር ግን አይነሳም።

በጃዊ ወረዳ በጣና በለስ የሆነው የዚህ ሂሳብ አንዱ ገጽታ ነው። እዚያ አገዳው ተተከለ፤ በሜቴክ እጅ የነበረው ፋብሪካ ግን አልደረሰም። አገዳ ከደረሰ በኋላ እንደ ስንዴ ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም። ከ20 ወር በኋላ መጋደም ይጀምራል፤ መሬት የነካው ግንድ ሥር ያወጣል፣ ከጎኑ አዲስ ቡቃያ ይፈነጥቃል። ቡቃያው የሚያድገው በግንዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ስኳር እየበላ ነው። ውስጡ ይቦረቦራል፣ ልቡ እንደ ቡሽ ይሆናል፣ አይጥና ምስጥ ይገባበታል። ይህን አገዳ ለማስወገድ ለፋብሪካ እንደሚቆረጥ ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ጉቶው ከመሬት እኩል ካልተቆረጠ የሚቀጥለው ራቱን ደካማ ይሆናል። ስለዚህ ለመትከል፣ ለማጠጣት፣ ለማዳበሪያ፣ ለማረም፣ ቀጥሎም ለማቃጠልና ለማስወገድ ተከፍሎ አንድ ኪሎ ስኳር ሳይገኝ ቀረ። የበለስ ቁጥር አንድ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የቻለው ውሉ ከሜቴክ ተነጥቆ ለቻይና ተቋራጭ ከተሰጠ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ነው። ዕቅዱ ካበቃ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

በተንዳሆና በአርጆ ዴዴሳ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወፍጮው ቆመ፣ አገዳው አነሰ። ተንዳሆ ከዕቅዱ ቀድሞ የተጀመረ ነው። በ50 ሺህ ሄክታር አገዳ በቀን 26 ሺህ ቶን እንዲፈጭ የታሰበ ሲሆን፣ ህንድ ለተንዳሆ፣ ለወንጂና ለፊንጫኣ ያበደረችው 640 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ 13 ሺህ ቶን ሆኖ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኋላም በአገዳ እጥረት ምርት እስከማቆም ደረሰ። ሰዎች በለስንና ተንዳሆን እንደ ሁለት የተለያየ ጥፋት ያዩታል። አንድ ጥፋት ነው። እርሻው በአንድ ክፍል፣ ፋብሪካው በሌላ ተቋራጭ፣ መስኖው በሦስተኛ ድርጅት እየተሠራ፣ ሦስቱም ለየራሳቸው መቶኛ ሪፖርት እያቀረቡ፣ ሦስቱን በአንድ የቀን መቁጠሪያ የሚያስር ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም።

አገዳ ሲያንስ ፋብሪካው በግማሽ አቅም ይሠራል፣ ኪሳራውም ግማሽ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። ከ100 ቶን አገዳ 30 ቶን ያህል ባጋስ፣ ማለትም ጭማቂው የተጨመቀ ገለባ፣ ይወጣል። ግማሹ እርጥበት ነው። ይህ ባጋስ የቦይለሩ ማገዶ ነው። በሰዓት 500 ቶን ሲፈጭ 150 ቶን ባጋስ ይገኛል፣ ከዚያም 300 ቶን ያህል እንፋሎት። ፋብሪካው ራሱ የሚፈልገው 240 ቶን ግድም ስለሆነ ትርፉ ኤሌክትሪክ ሆኖ ለብሔራዊ ቋት ይሸጣል ተብሎ ነው ዕቅድ የተያዘው። በሰዓት 200 ቶን ብቻ ሲገባ ግን ተርባይኑ፣ የማትነኛ ዕቃዎቹና የቫኩም ፓምፖቹ የሚወስዱት ኃይል በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ለአንድ ቶን አገዳ የሚወጣው እንፋሎት ይጨምራል፣ ትርፍ ባጋሱ ያልቃል። አገዳ ለስድስትና ሰባት ሰዓት ከተቋረጠ ደግሞ ወፍጮው ይቆማል፣ ባጋስ ይጠፋል፣ ቦይለሩ ይቀዘቅዛል። ከቀዝቃዛ ተነስቶ ወደ ሙሉ ግፊት ለመመለስ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል፤ በእንጨት ወይም በፈርነስ ነዳጅ ነው የሚነሳው። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ጭማቂ ደግሞ አይቆይም። በሮለሮቹ ሥርና በቦዩ ላይ ሉኮኖስቶክ የሚባለው ባክቴሪያ ሙጫ የመሰለ ዴክስትራን ይሠራል፤ ማጣሪያው ይዘጋል፣ በማብሰያው ውስጥ ክሪስታሉ እንደ መርፌ ይረዝማል፣ ሴንትሪፉጁ (ክሪስታሉን በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን) ሞላሰሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ዝቃጭ፣ መለየት ያቅተዋል። ከ100 ቶን አገዳ 10 ወይም 11 ቶን ስኳር ይገኝ የነበረው 7 እና 8 ላይ ይወርዳል። ቀሪው ስኳር ከሞላሰስ ጋር ይወጣል። አቅም በግማሽ ሲቀንስ ምርት ከግማሽ በታች የሚወርደው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የተቆረጠ አገዳ ራሱ ቀን ይቆጥራል። ማሳው ተቃጥሎ ከተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ወፍጮ መግባት አለበት፤ 48 ሰዓት ካለፈው ስኳሩ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይገለበጣል፣ ያ ደግሞ ክሪስታል አይሆንም። በሰዓት 500 ቶን ለማስገባት 20 ቶን የሚጭን ተሳቢ በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ አንድ መግባት ይኖርበታል፤ ሌሊትም ቀንም። ይህ በወንጂ ጥቁር ዋልካ ላይ ትንሽ ዝናብ ሲጥል እንኳ የሚቆም ሥራ ነው። የማሳ መንገድ ጠጠር ካልለበሰ፣ የጎማና የመለዋወጫ ግዢ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ተራ ከሚጠብቅ ዕቃ ጋር ከተሰለፈ፣ ምን ያህል ተሳቢ እንደቆመ መቁጠር ብቻ ነው የሚቀረው።

የቆራጩን ነገር ዕቅድ አውጪዎቹ ጨርሶ የረሱት ይመስላል። ጠንካራ ቆራጭ በቀን 3 ቶን፣ ቢበዛ 4 ቶን ይቆርጣል። 12 ሺህ ቶን ለመቁረጥ 4 ሺህ ሰው፣ የታመመውና የሚያርፈው ሲታሰብ 5 ሺህ ሰው ለአንድ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ወንጂና መተሐራ ይህን ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገኙት ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ነው፤ መስቀልን አገሩ አክብሮ ለቆረጣ የሚወርድ፣ ወንድሙን አስከትሎ የሚመጣ፣ ቆንጨራ አያያዝና ጉቶ አቆራረጥ የሚያውቅ ሠራተኛ። ይህ ሰው ወደ አፋር ሜዳ ወይም ወደ ታችኛው ኦሞ እንዲሄድ ከተፈለገ መኝታ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የወባ መድኃኒትና ክሊኒክ ቀድሞ መጠበቅ አለበት። ከፋብሪካው ብረት ቀድሞ። በአብዛኛው ቦታ ግን ካምፕ የመጨረሻው ሥራ ነበር፤ በጀት ሲያጥር የሚቀነሰውም እሱው ነው። በማሽን እንቁረጥ የሚለው መልስም ያለ ዝግጅት አይሠራም። የአገዳ መቁረጫ ማሽን በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ በእጅ ለሚቆረጥ ማሳ በ1.45 ሜትር የተሰመረ ረድፍ ውስጥ ሲገባ ጉቶውን ይረግጣል፣ የሚቀጥለው ራቱን ይሞታል። ማሳው ከመጀመሪያው ሰፋ ባለ ረድፍ፣ በረጅሙ፣ በደንብ ተደልድሎ መተከል ነበረበት። ማሽኑ አገዳውን አጫጭር ስለሚቆራርጠውም የሚበላሸው በ12 እና በ16 ሰዓት ነው፤ ማጓጓዣው ከእጅ ቆረጣው በላይ የተቀላጠፈ መሆን አለበት።

ስለ ውሃ ባጭሩ እንበል። በቆላ አገዳ በከፍተኛ ወቅት በሄክታር በሰከንድ 1.5 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ለ20 ሺህ ሄክታር 30 ሜትር ኩብ በሰከንድ መሆኑ ነው። ውሃ ማምጣቱ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ትርፉን ከማሳ ማውጣት ነው። የአዋሽ ሸለቆ ይህን አስቀድሞ አስተምሮናል፤ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ማጠንፈፊያ ሳይሠራ በመስኖ የለማ የጥጥ መሬት ጨው ወጥቶበት ተጥሏል። የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ሥር ሲጠጋ ፀሐይ ውሃውን እየሳበች ጨውን ላይ ትተዋለች። አገዳ ደግሞ ጨው አይወድም። ማጠንፈፊያ ቦይ ግን ቀን ለመቁረጥ የመጀመሪያው የሚዘለል ሥራ ነው፤ ሲመረቅ አይታይም፣ መዘለሉም የሚታወቀው ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ነው።

መሬቱም ባዶ አልነበረም። በተንዳሆ የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ ከብት የሚያወርዱት ወደ አዋሽ ዳር ነው። በኦሞ ዳር ቦዲ፣ ሙርሲና ኩዌጉ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። የጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ሲጀምር ያ ሙላት ቀረ፤ በዚያው ጊዜ የወንዙ ዳር ለኩራዝ ይመነጠር ነበር። ዕቅዱ መጀመሪያ 175 ሺህ ሄክታር ነበር፤ በኋላ ወደ 100 ሺህ ወርዷል። የበጋ ግጦሹን ያጣ ከብት ለምለም ነገር ወዳለበት ይሄዳል፤ ያለው ለምለም ደግሞ አገዳ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ይቀጠራል፣ ግጭት ይነሳል፣ ሰው ይሞታል። ይህ በእኛ አስተያየት ከሁሉም ጉድለቶች የከፋው ነው። ሌላው ሁሉ በገንዘብ የሚተመን ነው።

የፋብሪካ ግንባታን በመቶኛ መለካት ሌላው ሕመም ነው። "ግንባታው 85 በመቶ ደርሷል" ሲባል ብዙውን ጊዜ የተጨመረው የብረት ቶን፣ የመጣው ኮንቴነር ወይም የተከፈለው ገንዘብ ነው። ስኳር የሚወጣው ግን ከመጨረሻው 15 በመቶ ነው፤ ከቧንቧ ብየዳ፣ ከመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች፣ ከኬብል፣ ከቦይለር የግፊት ፈተናና ከሙከራ ምርት። 85 በመቶ ላይ ሁለት ዓመት የቆመ ፋብሪካ 85 በመቶ ላይ አይቆይም፤ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያልታሸገ የቦይለር ቱቦ ውስጥ እርጥበትና ኦክሲጅን ተገናኝተው ብረቱን በነጥብ በነጥብ ይበሱታል። በውስጡ ደረቅ ኬሚካል ወይም ናይትሮጅን መሞላት ነበረበት። የምድጃው እሳት ቻይ ጡብ የጃዊን ክረምት ሲመጥ ኖሮ በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል። የተርባይን ዘንግ በየጊዜው ካልተዞረ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ ቆሞ የሚቆይ ቤሪንግ በንዝረት ኳሶቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ይጎደጉዳል። በሜዳ የተራገፈ ሞተር ጥቅሉ እርጥበት ይዞ ገና ሲነሳ ይቃጠላል። ግንባታውን የተረከበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው የተተከለውን መፍታት ነው። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ በማንም የሌብነት መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ ነገር ግን የጠፋ ገንዘብ ነው።

ስለ ብድሩ ብዙ አንልም። ዕቅዱ ሲወጣ የዓለም የስኳር ዋጋ በፓውንድ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ነበር፤ ዕቅዱ ሲያበቃ ወደ 11 ሳንቲም ግድም ወርዷል። ብድሩ በዶላር፣ ሽያጩ በብር፣ ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ነበር። የስኳር ኮርፖሬሽን ዕዳ ከሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ጋር በ2013 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተዛውሯል። ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም፤ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስምንት ፋብሪካዎች ለግል ባለሀብት እንዲሸጡ ጨረታ ወጥቶባቸው ስለነበረና ስለ አዳዲስ ትልልቅ የግብርና ዕቅዶች መስማት ስለጀመርን ነው። ገዢው ግልም ይሁን መንግሥት፣ የአገዳ ዕድሜና የቦይለር ባሕርይ አይለወጥም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ የስኳር ኢንዱስትሪውን የሚመሩ አካላት ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የሚከተሉትን እንዲያሳውቁ ቢጠይቅልን እንወዳለን።

አንደኛ፣ በማሳ የቆመው አገዳ ስንት ሄክታር እንደሆነ ሳይሆን በዕድሜ ተከፋፍሎ፤ ከ6 ወር በታች፣ ከ6 እስከ 12፣ ከ12 እስከ 18፣ ከ18 በላይ፣ ስንቱ አዲስ ተከላ ስንቱ ስንተኛ ራቱን እንደሆነ ጭምር። ሁለተኛ፣ ባለፈው የምርት ዘመን ወፍጮው የቆመበት ሰዓት በምክንያት፤ በአገዳ እጥረት፣ በብልሽት፣ በእንፋሎት፣ በዝናብ። ይህ መዝገብ በእያንዳንዱ ፋብሪካ በየፈረቃው ስለሚጻፍ የለም ሊባል አይችልም። ሦስተኛ፣ ከ100 ቶን አገዳ የተገኘው ስኳር ስንት እንደሆነና ከቆረጣ እስከ ወፍጮ የፈጀው አማካይ ሰዓት። አራተኛ፣ ጸድቶ የተያዘው የዘር አገዳ በሄክታር፣ የሙቅ ውሃ መንከሪያው ይሠራ እንደሆነም። አምስተኛ፣ በማሳው ዙሪያ የከርሰ ምድር ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ፤ ይህ በጉድጓድ በገመድ የሚለካ ነገር ነው፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም። በበለስ፣ በኩራዝና በተንዳሆ ደግሞ ከመሬታቸው ለተነሱ ሰዎች ምን እንደተሰጠና ምን እንደቀረ ተጽፎ ይውጣ።

እነዚህ ቁጥሮች ከወጡ የትኛው ፋብሪካ በአንድ ዓመት ጥገና እንደሚነሳ፣ የትኛው ሁለት ዓመት የዘር ብዜት ብቻ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ደግሞ በሌለ አገዳ ላይ ወፍጮ ከማደስ ይልቅ አቅሙ ተቀንሶ ቢሠራ እንደሚሻል ማንም ባለሙያ በአንድ ሳምንት አስልቶ ሊናገር ይችላል። ለዚህ ሥራ ያለ ክፍያ ጊዜያችንን ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የአገዳ ልማትና የስኳር ፋብሪካ ባለሙያዎች